ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በሩን ማን ይከፍታል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ብሎክ ላይ አንዲት መምህርት አለች። ልጇን ብቻዋን ነው የምታሳድገው፤ ልጁ ኬጂ ሁለት ገብቷል። ከመስቀል በኋላ አንድ እሁድ ቡና አፍልታ ጠራችንና ሁለት ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሁለቱም ለማስተርስ ተቀብለንሻል የሚሉ ናቸው። አንዱ ስሙን ሁሉም የሚያውቀው፣ ስድስት ኪሎ የሚሰጥ የማታ ትምህርት ነው። ሌላው ስሙ ብዙ የማይጠራ፣ ፈቃዱ ግን የተሟላ፣ ቅዳሜና እሁድ የሚያስተምር የግል ተቋም ነው። "እስቲ እናንተ ምን ትላላችሁ?" አለች።

ወሬው ከአቦል እስከ ቶና ስለ ስም ሆነ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው የሒሳብ ባለሙያ ቀጣሪ መጀመሪያ የሚያየው የዩኒቨርሲቲውን ስም ነው አለ። ሌላዋ የመምህራኑን ጥራት አነሣች። አንዱ ደግሞ ነገ ፒኤችዲ ብትፈልግስ ብሎ ጨመረ። በረካው ሲቀዳ ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ፣ የብሎኩን ግማሽ ልጆች በእጃቸው ያሳደጉ ሴት ናቸው፣ ስኒያቸውን አስቀመጡና "ልጄ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይቺን በር ከውስጥ የሚከፍተው ማነው?" ብለው ጠየቋት።

መልስ አልነበራትም። በሩ ብረት ነው፤ የላይኛው መቀርቀሪያ ላይ ልጁ አይደርስም። ሠራተኛዋ ለመስቀል ሀገሯ እንደሄደች ቀርታለች። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ያውም ማታ፤ በርሜሉን የሚሞላ ሰው ከሌለ ሳምንቱ ያለ ውኃ ነው። እኛ ስለ ሲቪ ስናወራ እማማ ስለ መቀርቀሪያ ጠየቁ፤ ቤቱ ውስጥ ከነበረው ጥያቄ ሁሉ ቀድሞ መመለስ ያለበት ሆኖ የተገኘው ግን የሳቸው ነው።

ሥራዬ ከድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጋር ያገናኘኛል። ብቻቸውን ልጅ እያሳደጉ ከሚማሩት መካከል ያቋረጡትን ሳስብ፣ ትምህርቱ ከብዷቸው የወጡት ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹ የወጡት ሰዓት አልገጥም ብሏቸው ነው። ይህን የሚጠይቅ ማመልከቻ ቅጽ ግን የለም። ስለዚህ የእማማን ጥያቄ ይዤ፣ ምርጫው እንዴት ቢሰላ እንደሚሻል እዚህ ላስብ። "አንቺ" እያልኩ የምጽፈው በዚህ ኑሮ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ እናቶች ስለሆኑ ነው፤ አባቶችም ራሳችሁን ጨምሩ።

መጀመሪያ ሰዓቱን ቁጠሪ

የማታ ትምህርት በተለምዶ ከ11፡30 እስከ 2፡30 ነው። ቱሉ ዲምቱ ለምትኖር ሰው ስድስት ኪሎ ማለት ሁለት መኪና፣ ሲከፋ ሦስት ነው። ለ11፡30 ለመድረስ ከ10 ሰዓት በፊት ከሰፈር መነሣት ያስፈልጋል። ማታ 2፡30 ላይ ከግቢ ስትወጪ ደግሞ አራት ኪሎ ላይ ታክሲው ሳስቷል፤ መገናኛ ስትደርሺ ወደ ዳር የሚሄደው ሰልፍ አለ፤ ረዳቱም በዚያ ሰዓት የሚጠራው ዋጋ የቀኑ አይደለም። ቤት ስትደርሺ አራት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የሦስት ሰዓት ክፍል ከቤት የሚወስድብሽ ስድስት ሰዓት ነው።

በሳምንት አራት ማታ ክፍል ካለ፣ ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ከሆነ፣ 64 ማታ ነው። በስድስት ሰዓት ስናባዛው 384 ሰዓት። አሁን ቅዳሜና እሁድን እንይ። ክፍሉ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 10፡30 ቢሆን፣ ከቤት 1 ሰዓት ወጥተሽ 12 ሰዓት ትመለሻለሽ፤ በቀን 11 ሰዓት፣ በሴሚስተር 32 ቀን፣ 352 ሰዓት። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ያን ያህል አይደለም። ልዩነቱ ያለው ሰዓቱን የሚሸፍንልሽ ሰው ላይ ነው። የሥራ ቀን ማታን ሊሸፍን የሚችለው እዚያው የሚያድር ሰው ብቻ ነው። የቅዳሜን ቀን ግን አክስት፣ እህት፣ ጎረቤት፣ የክፍል ጓደኛው እናት፣ እሁድ ጠዋትን ሰንበት ትምህርት ቤት ተከፋፍለው ሊይዙት ይችላሉ። 384ቱ ሰዓት አንድ ሰው ላይ ይወድቃል፤ 352ቱ ለአራት አምስት ሰው ይከፈላል።

ሌላም አለ። ማታ የምትማር እናት በክፍል ቀን ልጇን የምታየው ጠዋት ሲጫማ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሁድ የምትማረዋ ሰባቱንም ማታ ቤቷ ናት። በሌላ በኩል የዕረፍት ቀን የሚባል ነገር አይኖራትም፤ ልብስ የሚታጠበውም ለጾም ሽሮ የሚፈጨውም በሥራ ቀን ማታ ይሆናል፤ የንባብ ጊዜዋ ልጁ ከተኛ በኋላ ያለው ነው። የቱ ይሻላል የሚለውን ለሁሉም የሚሆን አድርጌ መመለስ አልችልም። ልጁ ከአምስት ዓመት በታች ከሆነና ቤት ውስጥ አብሮ የሚኖር አዋቂ ዘመድ ከሌለ ግን፣ እኔ ብጠየቅ ማታን አልመክርም።

ስትመዘገቢ ያየሽው ሰሌዳ ደግሞ ሁልጊዜ የምትኖሪው ሰሌዳ አይሆንም። አንዳንድ ተቋማት ኮርሱን በብሎክ ነው የሚሰጡት፤ አንድ መምህር መጥቶ አንዱን ኮርስ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ በየቀኑ ጨርሶ ይሄዳል። መምህሩ ለሥራ ጉዳይ ወጥቶ ሲመለስ ያለፈውን በሜካፕ ክላስ (በማካካሻ ክፍል) ይጭነዋል፤ ሜካፑ ቅዳሜ ጠዋት ወይም በበዓል ዋዜማ ሊሆን ይችላል። ከመክፈልሽ በፊት ሬጅስትራሩን ሳይሆን ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለን ተማሪ ጠይቂ። "ባለፈው ሴሚስተር በሰሌዳው ያልነበረ ስንት ክፍል ገባችሁ?" የሚለው ጥያቄ ከብሮሹሩ ሁሉ የተሻለ መረጃ ያመጣል።

ግቢው የት ነው?

የዩኒቨርሲቲ ስም አንድ ቦታ ላይ የቆመ ይመስለናል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ውሰጂ፤ ምህንድስናው አምስት ኪሎ፣ የተፈጥሮ ሳይንሱ አራት ኪሎ፣ ሕክምናው ጥቁር አንበሳ፣ ሥነ ሕንፃው ልደታ፣ የእንስሳት ሕክምናው ቢሾፍቱ ነው። ቱሉ ዲምቱ ወይም ገላን ለምትኖር ሰው ቢሾፍቱ ከአራት ኪሎ ሊቀል ይችላል፤ የፍጥነት መንገዱ የሚጀምረው እዚሁ ነው፣ ጠዋት ደግሞ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ከተማ ሲገባ አንቺ በተቃራኒው ትወጫለሽ። የሚጠየቀው ትምህርት ክፍሉ ያለበት በር እንጂ የዩኒቨርሲቲው ስም የተጻፈበት በር አይደለም።

አያት፣ ሲኤምሲ ወይም የካ አባዶ አካባቢ ላለ ሰው፣ በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የሚጠራ የባቡር ፌርማታ አለው። ለመምህራን ደግሞ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ በዚያው አቅጣጫ ነው። ቂሊንጦና ቱሉ ዲምቱ ያለን ሰዎች ጎረቤታችን አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እሱ ግን ስሙ እንደሚለው የምህንድስናና የሳይንስ ነው፣ የትምህርት አስተዳደር ወይም አካውንቲንግ ለሚፈልግ ቅርበቱ አይጠቅምም። ጀሞና ለቡ ላለ ሰው ሜክሲኮ አካባቢ ያሉት የግል ተቋማት በአንድ መኪና የሚደረስባቸው ናቸው።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንሽ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ በመታወቂያ በነፃ ይወስድሻል፤ የሚመጣውና የሚሄደው ግን በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ነው፣ ለማታ ተማሪ መመለሻ አይሆንም። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሲጀመር ለቃሊቲና ለአያት ሰው ትልቅ ተስፋ ነበር፤ የሚሠሩት ባቡሮች ቁጥር ከቀነሰ ወዲህ ጥበቃው ረዝሟል። መንገዱን ለመለካት አንድ መንገድ ብቻ አለ። ከመመዝገብሽ በፊት በሥራ ቀን፣ በትክክለኛው የክፍል ሰዓት ሄደሽ፣ ክፍሉ በሚያልቅበት ሰዓት ተመለሽ። እሁድ ከሰዓት የተለካ መንገድ ዋጋ የለውም። ቢቻል ደግሞ ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ።

ቤት ወደ ግቢው ማዛወርስ? ተከራይ ለሆነች ሰው ይህ የማይታሰብ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል፤ አከራይም በፈለገው ጊዜ በፈለገው መጠን ኪራይ መጨመር አይችልም። ሁለት ዓመት ደግሞ የአንድ ማስተርስ ዕድሜ ነው። መሀል ከተማ አንድ ክፍል ቤት የሚያስከፍለውን ከዳር ኪራይ፣ ከትራንስፖርትና ከአዳሪ ሠራተኛ ደመወዝ ድምር ጋር አወዳድሪው፤ አንዳንዴ ያስገርማል። ግን እማማን የመሰለ ሰው ጥለሽ ከሄድሽ ስሌቱ እንደገና ይገለበጣል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ሰው

ሠራተኛ አለችኝ ማለት ዕቅድ አይሆንም። ሠራተኛ ለበዓል ትሄዳለች፣ የተሻለ ደመወዝ ታገኛለች፣ ዐረብ ሀገር ትሄዳለች፤ መብቷም ነው። ዕቅድ የሚሆነው ሁለተኛው ሰው ሲኖር ነው፤ ማለትም የመጀመሪያዋ ሰው ዛሬ ከሰዓት ብትቀር ልጁን ከትምህርት ቤት የሚወስደው። ይህ ሰው በቃል የተነገረው ብቻ መሆን የለበትም። ብዙ ኬጂዎች ልጅን የሚያስረክቡት ስሙና ፎቶው ለተመዘገበ ሰው ነው፤ ስለዚህ መስከረም ላይ ሁለት ስም አስመዝግቢ። ቁልፍ ይኑረው። የልጁ ክትባት ካርድ የት እንዳለ፣ ትኩሳት ሲነሣ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚሄድ ይወቅ። ለዚህ ሰው ደግሞ ክፈዪ። ገንዘብ አልቀበልም ካሉ በዘይትም በጤፍም ቢሆን፤ በይሉኝታ የተሸከሙት ሰው ሚያዝያ ላይ ይደክመዋል።

አንዳንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ አላቸው፤ ትልቅ እርዳታ ነው፣ ግን የሚዘጋው ከሥራ መውጫ ጋር ነው። ማታ ለሚማር ሰው ችግሩ የሚጀምረው ማቆያው ከተዘጋ በኋላ ነው።

ከዚህ ሁሉ የማይታሰበው የቀን መቁጠሪያው ግጭት ነው። የልጆች ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ሴሚስተር ዕረፍት ጥር መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም የመጀመሪያውን ሴሚስተር ማጠቃለያ ፈተና የሚሰጡት በዚያው ሰሞን ነው። ማለትም ልጁ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውልበት ሳምንት፣ አንቺ ዓመቱን ሙሉ ከሁሉም በላይ ሰው የምትፈልጊበት ሳምንት ነው። ሁለቱን ካላንደር ጎን ለጎን አስቀምጠሽ የሚጋጩትን ሳምንታት በቀይ አክብቢያቸውና ለእነዚያ ብቻ ሰው ለምኚ። "ዓመቱን ሙሉ እርዱኝ" ከማለት "ከጥር 18 እስከ ጥር 28" ማለት ይቀላል፤ ሰውም እሺ ይላል።

መምህር ለሆነ ሰው ሌላ መንገድ አለ፤ የክረምት ትምህርት። ሐምሌና ነሐሴ አንቺም ዕረፍት ነሽ፣ ልጁም። አያት ገጠር ካለች ልጁ እዚያ ይከርማል። ከሁለት ዓመት በላይ ይፈጃል፣ ጭቃውም አለ፣ ግን ከመስከረም እስከ ሰኔ ኑሮሽ አይነካም። ይህን መንገድ እንደ ሁለተኛ ደረጃ የሚያዩት ሰዎች ብዙ ናቸው። እኔ ለዚህ ዓይነት ኑሮ ከሁሉም የተሻለው ይመስለኛል።

ቴሲስ

እስካሁን ያወራሁት ስለ ኮርስ ነው። እውነቱን ለመናገር ኮርስ ቀላሉ ክፍል ነው። ሰሌዳ አለው፣ የሚጠብቅሽ መምህር አለ፣ ያለቀበት ቀን ይታወቃል። ጎረቤትም "ትምህርት ላይ ናት" ይላል፣ ይረዳል። ቴሲስ፣ የመመረቂያው ጥናት፣ ሲመጣ ግን ሰሌዳው ይጠፋል። ቤት ተቀምጠሽ ላፕቶፕ ስትከፍቺ ለማንም ትምህርት ላይ ያለሽ አትመስዪም፤ ልጁ ይመጣል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ውኃ ይመጣል። የሚበዙት ተማሪዎች የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው። ብዙ ቦታ ደግሞ ቴሲሱ በጊዜው ካላለቀ በየሴሚስተሩ እንደገና ተመዝግቦ መክፈል አለ።

ስለዚህ ቴሲሱን ከመግባትሽ በፊት መመልከት ያስፈልጋል። መጀመሪያ የመስኩ ጉዳይ። ኬሚስትሪ ወይም ባዮሎጂ ከሆነ ቴሲሱ ያለው ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ ኬሚካል እስኪመጣ፣ መብራት እስኪመለስ፣ የማሽን ወረፋ እስኪደርስ ግቢ ትውያለሽ። የጤና ትምህርት ተግባር ልምምድ አለው፣ አንዳንዱ በአዳር ተረኛነት። በትምህርት አስተዳደር፣ በማኔጅመንት፣ በቋንቋ መስኮች መረጃው ሊሰበሰብ የሚችለው መኖሪያሽ አካባቢ ነው፤ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ያሉ ትምህርት ቤቶች ላይ የሚሠራ ጥናት ጂንካ ከሚሠራው ያነሰ ጥናት አይደለም። ርዕስ ስትመርጪ "መረጃው ከቤቴ በስንት ሰዓት ርቀት ላይ ነው?" ብለሽ ጀምሪ። ፈቃድ ደብዳቤ ከትምህርት ክፍል ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ የሚፈጀውን ጊዜም አስቢ፤ መጠይቁ ታትሞ ሰኔ ላይ ከደረሰ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ እስከ ጥቅምት ትጠብቂያለሽ።

ቀጥሎ አማካሪው። ስሙ ትልቅ የሆነ ፕሮፌሰር ብዙ ተማሪ ይይዛል፤ ብዙ ጊዜም ከሀገር ውጭ ነው። ለአንቺ የሚሻለው በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ረቂቅ ተቀብሎ በሁለት ሳምንት የሚመልስ ሰው ነው። ይህን ከቀደሙ ተማሪዎች እንጂ ከድረ ገጽ አታገኚውም። አንዳንድ መርሐ ግብሮች በቴሲስ ፋንታ ፕሮጀክት ሠርቶ ተጨማሪ ኮርስ ወስዶ መመረቅ ይፈቅዳሉ፤ ለፒኤችዲ ካላሰብሽ ይህ አማራጭ መኖሩ ከዩኒቨርሲቲው ስም በላይ ሊመዝን ይገባል ብዬ አምናለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤቴ በዚህ አይስማማም፤ እሱ ግን ሚስት አለችው።

ወረቀቱና ገንዘቡ

ይህን ክፍል ባጭሩ ላልፈው ነበር፤ ግን ሰው የሚወድቀው እዚህም ነው። ለማስተርስ ለማመልከት የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ጋት የሚባለው፣ ማለፍ ያስፈልጋል። በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው፣ ምዝገባው በኢንተርኔት ነው፤ የቋንቋና የስሌት ችሎታ ይለካል። ከፈተናው ይልቅ የሚያስቸግረው ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት (የዲግሪሽ የውጤት ዝርዝር) ነው፤ ከተማርሽበት ዩኒቨርሲቲ ወደምታመለክቺበት በቀጥታ መላክ አለበት። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት) ዕዳ ካለበት ደግሞ መጀመሪያ ገቢዎች ሄዶ ከፍሎ ማጠናቀቅን የሚጠይቅ ነው። መምህራን በአገልግሎት የሚያካክሱት ቢሆንም የአገልግሎት ደብዳቤው ራሱ ቀናት ይፈጃል። ትራንስክሪፕቱ ያለው ጎንደር ወይም ጅማ ከሆነና ልጅ ጥለሽ መሄድ ካልቻልሽ፣ ውክልና ሰጥተሽ እዚያ ባለ ሰው ማስላክ ይቻላል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ሰኔ ላይ ጀምሪው።

የግል ተቋም ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ መኖሩን አጣሪ። ፈቃዱ የሚታየው በተቋሙ ስም ብቻ አይደለም፤ የምትማሪው መርሐ ግብር፣ በምትማሪበት ካምፓስ፣ በምትማሪበት ሁኔታ (መደበኛ፣ ማታ፣ ርቀት) ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። ዋናው ካምፓስ ፈቃድ ስላለው ሰፈርሽ አጠገብ የተከፈተው ቅርንጫፍ አለው ማለት አይደለም። ቅርበት የምንፈልግ ሰዎች በዚህ በቀላሉ እንታለላለን።

ክፍያው በክሬዲት አወር ይቆጠራል፤ ከዚያ ውጭ የምዝገባ፣ የቴሲስ ማማከሪያ፣ የምረቃ የሚባሉ አሉ። ሁሉንም በጽሑፍ ጠይቂ። በራስሽ ደብተር ላይ ደግሞ ተቋሙ የማይነግርሽን ጻፊ፤ የማታ ታክሲ፣ የሁለተኛው ሰው፣ የኢንተርኔት ፓኬጅ፣ የመጠይቅ ኅትመት፣ ልጁ ቢታመም። ለብዙ ሰው ይህ ሁለተኛው ዝርዝር ከመጀመሪያው ይበልጣል። መሥሪያ ቤት ስፖንሰር ካደረገ ጥሩ ነው፤ ግን ውሉን አንብቢ፤ ከተመረቅሽ በኋላ ስንት ዓመት ታገለግያለሽ፣ ዋስ ያስፈልጋል ወይ፣ ካቋረጥሽ ስንት ትመልሻለሽ። የልጁ አባት ቀለብ መቁረጥ ያለበት ከሆነና ካልቆረጠ፣ ትምህርት ከመጀመርሽ በፊት ጉዳዩን ፍርድ ቤት አድርሺ። ቀለብ የልጁ መብት ነው፤ በሴሚስተር መሀል ክርክር ውስጥ መግባት ግን ፈተናውንም ክሱንም ያበላሻል።

ውጭ ሀገርስ?

ይህን ጥያቄ የምትጠይቅ ሴት በየዓመቱ አለች። "ስኮላርሺፕ ባገኝ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ" የሚለው ሐሳብ እንደየሀገሩ ይለያያል፤ ሕጉም በየጊዜው ይቀያየራል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ በክፍል ለሚሰጥ ማስተርስ የሚሄዱ ተማሪዎች ቤተሰብ ይዘው እንዳይገቡ ከልክላለች፤ የምርምር ዲግሪና የመንግሥት ስኮላርሺፕ ተለይተው ይታያሉ። የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቼቪኒንግ ቢሰጥሽም የልጁን ወጪ አይሸፍንም። የአውሮፓ ኅብረቱ ስኮላርሺፕ ኢራስመስ ሙንዱስ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፤ ለልጅ ተብሎ የሚጨመር የለውም። ከዚህ የባሰው አወቃቀሩ ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ሦስት ሀገር ስለሚያዞር ልጁ በአንድ ቋንቋ ትምህርት ቤት ሳይረጋ ይነሣል። የጀርመኑ የስኮላርሺፕ ድርጅት ዳአድ በአንዳንድ መርሐ ግብሮቹ አብሮ ለሚሄድ ቤተሰብ ድጎማ አለው፤ በራሱ ወጪ የሚሄድ ግን እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ ለራሱ ብቻ 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ (በየወሩ ጥቂት ብቻ በሚወጣበት) ማስቀመጥ ይጠበቅበታል። አሜሪካ ልጅ በኤፍ ሁለት፣ በተማሪ ቤተሰብ፣ ቪዛ ይገባል፣ መደበኛ ትምህርት ቤትም ይማራል፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ለልጁም የሚበቃ ገንዘብ መኖሩን ካላየ ለቪዛው የሚያስፈልገውን ቅጽ አያወጣም።

በሀገር ውስጥ በኩል ያለው ሥራም ቀላል አይደለም። ልጅ ይዞ ለመውጣት የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከዚያም የሌላው ወላጅ ስምምነት ወይም የፍርድ ቤት የሞግዚትነት ውሳኔ ይጠየቃል። አባቱ ያለበት የማይታወቅ ከሆነ ጉዳዩ ጊዜ ይፈጃል፤ የስኮላርሺፕ ደብዳቤ ከመጣ በኋላ የሚጀመር ሥራ አይደለም። ልጁን ለአያቱ ትተሽ የምትሄጂ ከሆነ ደግሞ ውልና ማስረጃ ሄደሽ ለአያቱ ውክልና ስጪ፤ ትምህርት ቤት ስታስመዘግብም ሆስፒታል ስታስፈርምም ይጠቅማታል። ስንቷ አያት ነች የልጅ ልጇን ይዛ ሆስፒታል በር ላይ "እናቱ ትምጣ" የተባለችው።

መውጫውን ሳታውቂ አትግቢ

አንድ ነገር ላንሣና ላብቃ፤ ስለ ማቋረጥ። ልጅ ይታመማል፣ ሠራተኛ ትሄዳለች፣ ሴሚስተሩ ይበላሻል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ዝም ብለው ይቀራሉ። ዝም ብሎ መቅረት ዋጋ አለው፤ ያልተፈተንሽበት ኮርስ ኤፍ ወይም ኤንጂ (ውጤት ያልተሰጠው) ሆኖ ይመዘገባል፣ ኤፍ ከሆነ ለመመረቅ የሚያስፈልገውን 3.00 አማካይ ውጤትም ይዞት ይወርዳል። የዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጥ) ቅጽ በጊዜው ከሞላሽ ግን ስምሽ ይቆያል፤ በሚቀጥለው ዓመት በሪአድሚሽን (በዳግም ቅበላ) ትመለሻለሽ። ቅጹ የሚሞላበት የመጨረሻ ሳምንት በአካዳሚክ ካላንደሩ ላይ አለ።

ስለዚህ ሁለቱን ተቋማት ስታወዳድሪ ሬጅስትራሩን እነዚህን ጠይቂ። ዊዝድሮዋል እስከ ስንተኛ ሳምንት ይፈቀዳል? የከፈልኩት ለሚቀጥለው ይተላለፋል ወይስ ይቀራል? ፈተና ላይ ልጄ ቢታመም የልጁ የሕክምና ማስረጃ ለሜካፕ ፈተና ይበቃል፣ ወይስ የራሴ ብቻ ነው የሚታየው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ መልሱ ከቦታ ቦታ፣ አንዳንዴም ከዲን ዲን ይለያያል። መመሪያው የት አንቀጽ ላይ እንደሆነ እንዲያሳዩሽ ጠይቂና በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ ጥር ላይ መስኮቱ ጋ የምታገኚው ሰው ሌላ ሊሆን ይችላል።